እጄን አጣጥፌ

ጊቫት ሃሞሬ ነው፤ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
አርባ አንድ ደረጃ ወጥቼ እደርሳለሁ ሳትሞቅ ፀሐይ።
አባባ ጥሩነህ ይከፍታሉ፤
ቁልፎቻቸው ወገባቸው ላይ ይንሿሿሉ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚሁ አፉላ፣ የአንድ ትምህርት ቤት በር ከፋች ነበሩ፤
በሮቹ ተቀየሩ፣ ልጆቹ አገቡ፣ ቁልፎቹ ግን እሳቸው ጋ ቀሩ።

ቢቱዋህ ሌኡሚ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ፈቅዶላቸው፣
እኔ ነኝ ሰዓቱ፤ ቦርሳዬን ይዤ የምመጣላቸው።

የመጀመሪያ ሰሞን እንዴት ያለሁ ጎበዝ ነበርኩ!
ካልሲውን ከእጃቸው፣
መጥረጊያውን ከእጃቸው፣
ማንኪያውን እንኳ፣ ሾርባ እንዳይፈስ ብዬ፣ ከእጃቸው፣
«ይተዉት፣ እኔ አለሁልዎ» እያልኩ ነጠቅኳቸው።
ልጃቸው ስመኝ ከአሽዶድ ደውላ መረቀችኝ፤ ኮራሁ፤
እሳቸው በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ጉልበት ገጥመው ሲቀመጡ አላየሁ።

በወሩ እግራቸው ደረጃ መውረድ ረሳ፤
ያ ሁሉ በር የከፈተ ጣት
የገዛ ደረቱን ቁልፍ መቆለፍ ረሳ።

አንድ ዓርብ ዘነበ፤ አውቶቡሱም ሳይመጣ ቀረ፤
አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዘገየሁ፣ ልቤ እየተሸበረ።
ወድቀው ይሆን? ጋዙን ከፍተው ይሆን? አርባ አንዱን ደረጃ በሩጫ ጨረስኩት፤
ከውጭ የተቃጠለ ዕንቁላል ሸተተኝ፤ በሩን ገፍቼ ከፈትኩት።

ቆመዋል።
ምድጃው ጋ፣ በሁለት እግራቸው።
ጨው ወለሉ ላይ ተበትኗል።
ሸሚዙ ተቆልፏል፤ አንድ ቁልፍ ተዘሎ፣
አንገትጌው ወደ ግራ አጋድሎ።
አርፋጅ ተማሪ በር ላይ እንደሚቀበሉ፣
«ዘገየሽ፤ ቁጭ በይ፣ ቁርስሽ እንዳይቀዘቅዝ» አሉ።

በላሁት፤ ከነክሰሉ፣ ከነቅርፊቱ፤
እንደዚያ የጣመኝ የለም እንዳልል፣ መራራ ነበር እውነቱ።
እንባ እንባ ያለኝ ግን በምሬቱ አልነበረም።

እናቴ ጎንደር ሳለን፣
«እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ቤት አታቀናም» ትል ነበር።
ይቅር በይኝ እማዬ፤ እጄን ማጣጠፍ ሆነ ሥራዬ፤
ጣቴን እየበላኝ ዝም ብሎ ማየት ነው ሙያዬ።
ለአንዱ ቁልፍ ሦስት ደቂቃ። ሸሚዙ ሰባት ቁልፍ አለው።

መታጠቢያው ጋ የብረት መያዣ አስተከልኩ፤
ምንጣፉን ጠቅልዬ፣ ጨውና ስኳሩን ከላይኛው መደርደሪያ አወረድኩ።
ራያ የምትባል ሩሲያዊት ጎረቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወንበር አወጣችልን፤
አማርኛ አታውቅም፣ አባባም ሩሲያኛ፤
ሲያርፉ ግን እሷ ጋ ብዙ ይጫወታሉ።

ስመኝ ተቆጣች። «አባቴ ወድቆ ቢሰበርስ?»
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ወር ሲያልቅ ቅጽ እሞላለሁ፦
አጠበች፣ አለበሰች፣ አበላች።
«ጠበቀች» የሚል ሣጥን የለውም።
ሰዓታቸው እንዳይቀነስ ፈርቼ ሦስቱም ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ዛሬም ዓርብ ነው። ለሰንበት ዳቦ ልንገዛ ማኮሌት እንወርዳለን።
በራቸውን ራሳቸው ቆለፉ፤ ሁለቴ፣ ሳብ አድርገው ሞከሩት።
ሸሚዛቸው ላይ ያችን የተዘለለች ቁልፍ አየኋት፤ ዋጥኳት።
አንደኛው ፎቅ ላይ ቆሙ፣ ደረታቸውን ዳሰሱ፣ ሳቁ፤
«አንድ በር ዘልያለሁ» አሉ፤
እዚያው ደረጃው ላይ፣ ከአንገት ጀምረው፣ አንድ በአንድ መክፈት ያዙ።

ዝናብ ሊመጣ ነው።
ሱቁ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል።
እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣
እጄን አጣጥፌ።